ወባው አልለቅ ያለው ወንድሜ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አራቱ ስለ አንድ በሽታ ናቸው፤ ስለ ካላዛር። ሌሎቹን ለሚቀጥለው አቆይተን ዛሬ ገጹን በሙሉ ለእነዚህ ሰጥተናል። ስም አንጠቅስም፤ የመጡበትን አካባቢ ብቻ እንጽፋለን።

ጥያቄ (ከስማዳ)፦ ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ ወንድሜ 23 ዓመቱ ነው። ሰኔ ላይ ለሰሊጥ አረም መተማ ወርዶ፣ አጨዳውንም እዚያው ሠርቶ በኅዳር ተመለሰ። ሲመጣ ደህና ነበር። ከጥር ወዲህ ግን ማታ ማታ ያተኩሰዋል፣ ያልበዋል። ጤና ጣቢያ ወባ ነው ብለው ኪኒን ሰጡት። ተሻለው ስንል ተመለሰበት። ከተማ ያለ የግል ክሊኒክ ስንወስደው ታይፎይድና ታይፈስ ነው ተባለና መርፌ ተወጋ። ቀጥሎ ደግሞ ወባ ተባለ። አሁን ሦስተኛ ወሩ ነው። ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል፣ ሱሪው ግን ሆዱ ላይ አልቆለፍ ብሏል። በግራ በኩል ከጎድን አጥንቱ ሥር ጠንካራ ነገር ይዳሰሳል። ባለፈው ሳምንት ሁለት ጊዜ ነሰረው። እናቴ ጣፊያው ነው፣ ይተኮስ ትላለች። አጎቴ ጸበል ይላል። እኔ ግራ ገብቶኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ዛሬ ነገ ሳትይ ይዘሽው ተነሺ። ሳላየው ይሄ ነው ብዬ መፍረድ አልችልም። ግን የጻፍሽው ሁሉ ካላዛር ካላዛር ይላል። የቆየ ትኩሳት፣ ክሳት፣ የጣፊያ ማበጥ፣ ነስር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መተማ።

መጀመሪያ የእናትሽን ነገር እንጨርስ። እንዳይተኮስ። በአክብሮት ንገሪያቸው፣ ግን አጥብቀሽ ንገሪያቸው። ነስሩ ደሙ በቀላሉ መርጋት እንደተሳነው ምልክት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሰውነት ላይ በጋለ ብረት ቁስል መክፈት ለመድማትም ለማመርቀዝም በር መክፈት ነው። ጣፊያውም በመተኮስ አይመለስም፤ ያበጠው ውስጡ በገባ ተውሳክ ነውና። እናትሽ አንድ ነገር ግን በትክክል አይተዋል፤ ሦስት ቦታ ታክሞ ማንም ያላነሳውን ጣፊያ ያነሱት እሳቸው ናቸው። ጸበሉንም ማንም አይከለክላችሁም። ብቻ ሕክምናውን ጨርሶ፣ ጉልበቱ ተመልሶ ይሁን። አሁን ባለው አቅም ጾም ችሎ ብርድ ላይ መሰንበት አይችልም።

አሁን ስለ በሽታው። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትባል በጣም ትንሽ ዝንብ ናት። ርዝመቷ ከሰሊጥ ፍሬ አይበልጥም። እንደ ወባ ትንኝ ጆሮ ሥር አትጮህም፣ ስለዚህ ብዙ ሰው መነከሱንም አያውቅም። በመተማና በሁመራ ቆላ ያለው ዋልካ አፈር ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ዝንቧ ቀኑን እዚያ ስንጥቅ ውስጥና ግራር ሥር ውላ ሲመሽ ትወጣለች። ስትነክስ ተውሳኩን ትለቃለች። ተውሳኩ የሚገባው በሽታን ሊከላከሉልን በተፈጠሩት የደም ሕዋሳት ውስጥ ነው፤ እዚያ ይራባና ጣፊያን፣ ጉበትንና የአጥንት መቅኔን ይወርሳል። መቅኔው ደም ማምረት ሲያቅተው ሁሉም ነገር አብሮ ይወርዳል። ቀይ የደም ሕዋስ ሲያንስ ሰውየው ይገረጣል፣ ዳገት ያቅተዋል። ነጩ ሲያንስ ለሳንባ ምችና ለቲቢ ይጋለጣል። ደም የሚያረጋው ሲያንስ ይነስራል። ከንክሻው እስከ ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ይወስዳል። ወንድምሽ ደህና ሆኖ ቤት ገብቶ በጥር መታመሙ ለዚህ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ «ሲመጣ እኮ ምንም አልነበረውም» ይባላል።

ካልታከመ ይገድላል። ይህን ለማስፈራራት አይደለም የምጽፈው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሕክምና ካላገኙ 100 ሕመምተኞች ከ95 በላይ የሚሆኑት ይሞታሉ። ከታከመ ደግሞ አብዛኛው ሰው ይድናል። ልዩነቱ ይህን ያህል ስለሆነ ነው ተነሺ የምልሽ።

ለምን ሦስት ቦታ አመለጣቸው ብለሽ ታዝኚ ይሆናል። እኔም አንድ ጊዜ አምልጦኛል። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው፣ ትንሽ ከተማ ውስጥ። አንድ ረጅም ልጅ ትኩሳት ይዞት መጣ። የወባ ምርመራው ኔጌቲቭ ነበር፤ እኔ ግን ወቅቱ የወባ ነው ብዬ መድኃኒት ጻፍኩለት። ከአሥር ቀን በኋላ ተመለሰ። ደግሜ ጻፍኩለት። በሦስተኛው ሲመጣ ካርድ ክፍል የምትሠራዋ ሴትዮ ናት «ዶክተር፣ ይሄ ልጅ እኮ ከሁመራ ነው የመጣው» ያለችኝ። እስከዚያ ቀን ሸሚዙን ገልጬ ሆዱን አልነካሁም ነበር። ስነካው ጣፊያው እምብርቱ ጋ ደርሷል። ሪፈር ተጻፈለት፣ ታክሞ ዳነ። በእኔ ምክንያት ያባከነው ጊዜ ግን እስካሁን ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ትኩሳት ይዞት የመጣ ሰው ሁሉ ፊቴ ሲቀመጥ መጀመሪያ የምጠይቀው «ከየት መጣህ? ዘንድሮ የት የት ሠራህ?» ነው።

የአንድ ወረዳ ሕዝብም እንዲሁ ተቸግሮ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2005 ሊቦ ከምከም ላይ ሰው በትኩሳት ይሞት ጀመር። መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተባለ። አገሩ ደጋ ስለሆነ ካላዛርን ያሰበ አልነበረም። በኋላ ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ሁመራና መተማ ለሥራ ወርደው የተመለሱ ሰዎች ሳያውቁ ይዘውት እንደመጡና በአካባቢው ያለችው ዝንብ እንዳዛመተችው ይታመናል።

ስለዚህ ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ ገና ሳትቀመጡ ሦስት ነገር ተናገሩ። መተማ ከሰኔ እስከ ኅዳር ነበር። ትኩሳቱ ሦስተኛ ወሩ ነው። የወባ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ወስዶ አልዳነም። ወረቀት ላይ ጽፈሽ ካርዱ ውስጥ ብትከቺው ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው፤ ተረኛው ሲቀየር ወሬው አብሮ አይጠፋም።

ምርመራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የጣት ደም። አር ኬ 39 ይባላል። አንድ ጠብታ ደም እንደ እርግዝና መመርመሪያ ባለ ነገር ላይ ትደረጋለች፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሁለት መስመር ከወጣ ፖዘቲቭ ነው። ምልክቱ ሁሉ ላለው፣ ከዚህ በፊት ካላዛር ታክሞ ለማያውቅ ሰው ሕክምና ለመጀመር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ይህ ምርመራ በህንድ የሚሠራውን ያህል በእኛ አገር አይሠራም፤ ያመልጠዋል። ኔጌቲቭ ቢሆን «እንግዲህ ካላዛር አይደለም» ብላችሁ እንዳትመለሱ። ቀጣዩ ከጣፊያ ወይም ከአጥንት መቅኔ በመርፌ ናሙና መውሰድ ነው። የጣፊያው በደንብ ያሳያል፣ ግን የመድማት አደጋ ስላለው የሠለጠነ ሰው ነው የሚሠራው፣ ያውም ደም የሚያረጋው ሕዋስ ተቆጥሮ፣ ነስርም እንዳለው ተጠይቆ። ከተወሰደ በኋላ ለሰዓታት ተኝቶ መቆየት አለበት፤ ሽንት ቤት እንኳ ልሂድ ቢል አስቀሪው። ናሙናው ጊምዛ በሚባል ቀለም ይቀለምና በማይክሮስኮፕ ይታያል። እኔ መጀመሪያ ያየሁበትን ቀን አልረሳም፤ ሕዋሱ ውስጥ የታጨቁ ደቃቅ እንክብሎች፣ እያንዳንዳቸው ውስጥ ሁለት ሐምራዊ ነጥብ፣ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ጭረት የምታህል። ይህ ከታየ ክርክር የለም።

የኤችአይቪ ምርመራም ይደረግለታል። ለካላዛር ሕመምተኛ ሁሉ ስለሚደረግ ተጠርጥሮ ነው ብላችሁ እንዳትከፉ። የሚሰጠው መድኃኒት የሚለየው በዚህ ውጤት ነው። ቫይረሱ ካለበት በደም ሥር የሚሰጥ አምቢዞም ከሚዋጥ ሚልቴፎሲን ጋር ይሰጠዋል፤ የኤችአይቪ መድኃኒቱም ይጀመርለታል።

ከሌለበት የተለመደው ሕክምና 17 ቀን ነው። በየቀኑ ሁለት ዓይነት መርፌ፤ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን። ያማል፣ አልደብቅሽም። 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የመጀመሪያው ብቻ በቀን 10 ሚሊ ሊትር ነው፤ በጡንቻ ሲሰጥ ከሁለት ቦታ ይከፈላል። በአምስተኛው በስድስተኛው ቀን ትኩሳቱ ይለቀዋል፣ ምግብ ያምረዋል፣ ያኔ «ድኛለሁ፣ ልሂድ» ይላል። አደራ። አቋርጦ የሄደ ሰው በሽታው ይመለስበታል፣ ሁለተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል። መድኃኒቱ ልብን፣ ቆሽትን፣ ጉበትንና ኩላሊትን ሊነካ ስለሚችል የሚያስመልስ ከባድ የሆድ ሕመም፣ የልብ መምታት፣ የዓይን ቢጫ መሆን ወይም የጆሮ ጩኸት ካለ ለነርሷ ወዲያው ንገሪ። «ይለፍለታል» ብለሽ አትጠብቂ።

የት ትሂዱ? ለእናንተ አዲስ ዘመን ወይም ጎንደር ይሻላችኋል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ የቆመ የሕክምናና የምርምር ማዕከል አለ። ከመነሳታችሁ በፊት ግን የወረዳችሁ ጤና ጽሕፈት ቤት ደውሎ መድኃኒቱ መኖሩን፣ መንገዱም ሰላም መሆኑን እንዲያጣራላችሁ አድርጊ። ድካሙ ከበዛበት፣ ከደማ ወይም ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ግን ስልክ አትጠብቂ፤ ቅርብ ያለው ሆስፒታል አስገቢውና ሪፈሩን እነሱ ይጨርሱ።

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ)፦ የአክስቴ ልጅ ካላዛር ተብሎ ጎንደር ተኝቷል። እዚህ መድኃኒቱን ገዝቼ ከሚመጣ ሰው ጋር ልላክ ወይ? ደግሞ ቤተሰቡ ይይዘናል ብለው ሰሃንና ብርጭቆውን ለይተውበታል፣ ልጁ በስልክ ሲያለቅስ ነው የሰማሁት።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መድኃኒት አትላክ። እዚያ የሚወጋው መርፌ አሜሪካ ፋርማሲ ገብተህ የምትገዛው ዓይነት አይደለም። ቢገኝም በሻንጣ የመጣ መድኃኒት ሐኪሙ አምኖ አይሰጠውም። ማዕከሉ ውስጥ የካላዛር መድኃኒት በነጻ ነው የሚሰጠው። ቤተሰቡን የሚያስጨንቀው ሌላው ወጪ ነው። አስታማሚዋ 17 ቀን የት ታድራለች? ምን ትበላለች? የመመለሻ ትራንስፖርትስ? እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋስ? ሕመምተኞቹ ብዙ ጊዜ ከመድኃኒቱ እኩል ምግብ ነው የሚያስፈልጋቸው፤ በጣም የከሱት በሐኪም ትእዛዝ ፕላምፒናት ይሰጣቸዋል። ብርህን እዚህ ላይ አውለው። ከስድስት ወር በኋላ ለክትትል መመለሻም የሚሆን ለይተህ አስቀምጥለት፤ መዳኑ የሚረጋገጠው ያኔ ነው፣ ብዙ ሰው ግን የመኪና ስለሌለው ይቀራል።

ስለ ሰሃኑ፣ ዛሬውኑ ደውልላቸው። ካላዛር በትንፋሽ፣ በምግብ፣ በሰሃን፣ በልብስ፣ አብሮ በመተኛት አይያዝም። የምታስተላልፈው ዝንቧ ናት። በደም ንክኪና ከእናት ወደ ጽንስ ሊተላለፍ ይችላል፣ ያ ግን እምብዛም አይታይም። ዝንቧ ያለችበት ቆላ ላይ ከሆኑ ሕመምተኛው አጎበር ውስጥ ይተኛ፣ ሌሎቹም እንዲሁ። አክስትህን አነጋግራቸውና ከልጃቸው ጋር አንድ ትሪ ቀርበው ይብሉ። እንዲህ ያለ ልጅ ብቻውን ሲበላ አይበላም፤ ዋርድ ውስጥ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ።

ጥያቄ (ከጎንደር ዙሪያ)፦ ከሁለት ዓመት በፊት ካላዛር ታክሜ ድኜ ነበር። አሁን አንድ ሳምንት አተኮሰኝና ክሊኒክ ሄድኩ። በጣት ደም መርምረው «ተመልሶብሃል፣ መርፌውን እንደገና ጀምር» አሉኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ በዚህ ምርመራ ብቻ እውነት ነው ማለት አይቻልም። የጣቱ ምርመራ የሚያየው ተውሳኩን ሳይሆን ሰውነትህ ያመረተውን መከላከያ ነው። መከላከያው ከዳንክም በኋላ ለዓመታት ደምህ ውስጥ ይቆያል። ዛሬ ምንም ሳያምህ ብትመረመር እንኳ ሁለት መስመር ሊወጣ ይችላል። አንዴ የታከመ ሰው ተመልሶበታል የሚባለው ከጣፊያ፣ ከመቅኔ ወይም ካበጠ ንፍፊት በተወሰደ ናሙና ተውሳኩ ራሱ ሲታይ ነው። ስለዚህ መርፌውን አትጀምር፣ ወደታከምክበት ሂድ። የአንድ ሳምንት ትኩሳት ወባም፣ ሌላም ሊሆን ስለሚችል ወባ ዛሬውኑ ተመርመር። በእርግጥ ተመልሶብህ ከሆነ ደግሞ ኤችአይቪና ቲቢ አብረው መታየት አለባቸው፤ ካላዛር ሲመለስ ብዙ ጊዜ ከጀርባው ሌላ ነገር አለ።

ፊት ላይ ሽፍታ ወይም ነጣ ያለ ምልክት ካየህም አሳያቸው። ከካላዛር በኋላ ቆዳ ላይ የሚወጣ ነገር አለ፤ ሱዳን ውስጥ በብዛት ይታያል፣ እኛ ዘንድ ይቀንሳል። አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል።

ጥያቄ (ከደባርቅ)፦ ሰኔ ላይ ከጓደኞቼ ጋር አብደራፊ ለሥራ እንወርዳለን። አምና አንዱ ጓደኛችን በዚህ በሽታ ሞቷል። ክትባት ካለ ብታሳውቁን። ምን ይዘን እንሂድ?

መልስ፦ ነፍስ ይማር። ክትባት የለም። ያላችሁ አጎበር ነው፣ ያውም በመድኃኒት የተነከረው። የአሸዋ ዝንብ ትንሽ ስለሆነች ቀዳዳው ሰፊ በሆነ ተራ አጎበር ሾልካ ትገባለች፤ የተነከረው ሲነካት ይገድላታል። ጫፉን ከፍራሹ ሥር ሸጉጡት። ሙቀቱን አውቀዋለሁ፤ እዚያ አገር ማታ አጎበር ውስጥ መግባት እሳት ውስጥ እንደመግባት ነው፣ ለዚህ ነው ሰው ሜዳ ላይ ተዘርግቶ የሚያድረው። ሜዳ ላይ ማደር ካልቀረ አጎበሩን አራት እንጨት ተክላችሁ ውጭ ስቀሉት። ግራር ሥር ግን አትተኙ፣ ቀን ለጥላም ቢሆን። ስንጥቅ በበዛበት መሬት ላይም አታንጥፉ። ሲመሽ እጅጌው ረጅም ሸሚዝና ሱሪ ልበሱ።

ከመካከላችሁ አንዱ ሁለት ሳምንት የማይለቅ ትኩሳት ከያዘው «ሰሊጡ ይለቅና» አይባልም። ወባውን ወዲያው ይመርመር፤ ካልሆነ ካላዛሩን። አብደራፊ ራሱ ጤና ጣቢያው ለዓመታት ካላዛር ሲታከምበት የቆየ ቦታ ነው፤ አገራችሁ እስክትመለሱ አትጠብቁ።

አጎበሩን ከኪሳችሁ ብቻ አታስቡት። 200 ሰው አስፍሮ የሚያሠራ ባለሀብት ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አጎበር ማምጣት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ መጠለያውንም እንዲሁ። ካቦውን አሁኑኑ፣ ስለ ዋጋ ስትነጋገሩ አብራችሁ ጠይቁት። ሰኔ ገብቶ አረሙ ከጀመረ በኋላ ማንም ከተማ ሄዶ አጎበር አያመጣላችሁም።